አማርኛ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ይስፈር?

የፌርፋክሱ (ጥያቄውን ያነሣው)፦

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ በአሜሪካ የምንኖርና ዜግነት የወሰድን ኢትዮጵያውያን፣ የድምፅ መስጫው ወረቀት በአማርኛም እንዲዘጋጅልን መጠየቅ ይገባናል ወይስ አይገባንም? እኔ ይገባናል ባይ ነኝ። ምክንያቴን ከእናቴ እጀምራለሁ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እናቴ ዜግነት የወሰደችው በ70 ዓመቷ ነው። ዕድሜው 55 የሞላና 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖረ አመልካች የእንግሊዝኛው ፈተና ስለሚቀርለት፣ የታሪኩንና የመንግሥት አወቃቀሩን ጥያቄ በአስተርጓሚ አማካይነት በአማርኛ መልሳ አለፈች። በኖቬምበር 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ልትመርጥ ስትሄድ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የመረጠችውን ዕጩ ስም አጻጻፍ አስቀድማ በዓይኗ አጥንታ ነበር። ከስሙ አጠገብ ያለችውን ክብ አጥቁራ ወጣች፤ ከታች የነበረውን ጥያቄ ግን ባዶውን ተወችው። ጥያቄው የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲሆን፣ በውጊያ ለተገደለ ወታደር የትዳር ጓደኛ ይሰጥ የነበረው የቤት ግብር ነፃነት በማንኛውም ግዳጅ ላይ ሳለ ለሞተ ወታደር የትዳር ጓደኛም ይስጥ ወይስ አይስጥ የሚል ነበር። ቤት ገብተን ስነግራት «ስለ ወታደር ሚስት ነው የጠየቁኝ? እኔን?» ብላ ዝም አለች። አባቴ ምፅዋ ላይ የቀረ ወታደር ነው።

በዚሁ በምንኖርበት ካውንቲ (ከስቴት በታች ያለ የአካባቢ አስተዳደር ነው) ወረቀቱ በስፓኒሽና በቬትናምኛ ይዘጋጃል። ይህ መሆኑ ያስደስተኛል፤ የሚያንገበግበኝ እኛ የቀረንበት ምክንያት ነው። የ1965ቱ የመራጮች መብት ሕግ በ1975 ሲሻሻል የገባው አንቀጽ 203፣ ብዛት ያላቸው የቋንቋ አናሳ ዜጎች በሚኖሩበት ካውንቲ ወረቀቱ በቋንቋቸው ይዘጋጅ ይላል። ይሁን እንጂ የቋንቋ አናሳ ብሎ የሚያውቀው አራት ወገኖችን ብቻ ነው፦ የስፓኒሽ ዝርያ ያላቸውን፣ እስያውያን አሜሪካውያንን፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችንና የአላስካ ነባር ሕዝቦችን። ከአፍሪካ የመጣ አንድም ቋንቋ የለበትም፤ የሄይቲ ክሪዮልም የለበትም። በአንድ ካውንቲ ስንት ሺህ ሆነን ብንኖር በዚህ ሕግ ዓይን አንቈጠርም። አንቀጹ በ2006 ታድሶ በ2032 ስለሚያበቃ፣ የሚታደስበት ጊዜ ሳይደርስ ትርጉሙ እንዲሰፋ ከአሁኑ መጠየቅ አለብን እላለሁ።

የዳላሱ፦

ልጄ፣ የእናትህን ነገር ሳነብ አንጀቴ ተላውሷል፤ የምቃወምህም አዝኜ ነው። እኔ ሱዳንን አቋርጬ በ1984 እዚህ ስደርስ ከእንግሊዝኛ የማውቀው ሰላምታ ብቻ ነበር። ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እየጠበቅሁ፣ ቀን በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በሚሰጥ ነፃ ትምህርት ተምሬ፣ ፈተናውን በእንግሊዝኛ አልፌ ዜጋ ሆንሁ። ያን ድካሜን እንደ በደል ቈጥሬው አላውቅም። ሀገር ማለት የጋራ መነጋገሪያ ያለው ማኅበር ነው፤ ሰው የሚመርጠው በዚያ መነጋገሪያ የተደረገውን ክርክር ሰምቶ እንጂ በምርጫው ቀን የተተረጐመለትን አንዲት ገጽ አይቶ አይደለም። ወረቀቱን በአማርኛ ብትሰጡትና የዕጩዎቹን ክርክር፣ ጋዜጣውን፣ የከተማውን ምክር ቤት ስብሰባ ባትሰጡት ምን አደረጋችሁለት?

ሁለተኛው ሥጋቴ የገንዘብና የጉልበት ነው። የማኅበረሰባችን ድርጅቶች አቅማቸው ትንሽ ነው፤ ያችን ትንሽ አቅም የኮንግረስን ሕግ በማስለወጥ ላይ ከማፍሰስ ለአረጋውያን የእንግሊዝኛ ክፍል መክፈት አይሻልም? ወገኖቻችን የማይመርጡት በቋንቋ ብቻ ነው ብዬም አላምንም። ታክሲ የሚያሽከረክረው፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭነው፣ ሁለት ሥራ የያዘው ሰው ማክሰኞ ቀን ሰልፍ የሚቆምበት ጊዜ የለውም። የሚያስቀረው ይህ ነው።

የሲያትሏ አስተርጓሚ፦

ጋሼ፣ ያሳለፉትን ድካም አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሕጉ ራሱ እርስዎንና የወንድማችንን እናት በአንድ ሚዛን አላስቀመጠም። ለአረጋውያን እንግሊዝኛ ሳያውቁ ዜጋ እንዲሆኑ የፈቀደው ኮንግረስ ነው። በአማርኛ ፈትኖ ዜጋ ያደረገን ሰው፣ መራጭ ሲሆን በእንግሊዝኛ መልሶ መፈተን ተገቢ አይመስለኝም።

ፈተና የሚለውን ቃል ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። በሚሲሲፒ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሊመዘገብ ሲሄድ፣ መዝጋቢው ከስቴቱ ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ መርጦ አንብብና ፍቺውን አስረዳ ይለው ነበር፤ ፍቺው ትክክል መሆኑን የሚፈርደውም ያው መዝጋቢ ነበር። ከ1965 በፊት በዚያ ስቴት ከመቶ ጥቁሮች የተመዘገቡት 7 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ የመራጮች መብት ሕጉ በወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ ቍጥሩ ወደ 60 ደረሰ። ሰዎቹ በሁለት ዓመት ውስጥ አዲስ ትምህርት አልተማሩም፤ የተለወጠው በሩ ነው። ያ ሕግ የተገኘው ማርች 7 ቀን 1965 የጥቁሮች መብት ታጋዩ ጆን ሉዊስና ጓዶቹ በአላባማ ሴልማ ድልድይ ላይ ተደብድበው፣ ደማቸው ፈስሶ ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የተፈረመው የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ ለእኛ በር ከፈተልን። የምንኖርበት መብት የማን ላብ እንደሆነ ማወቅ ያለብን ይመስለኛል።

በ1975 ሕጉ ቋንቋን እንዲጨምር ከታገሉት አንዷ ባርባራ ጆርዳን ናቸው፤ ጥቁር አሜሪካዊት የኮንግረስ አባል ሆነው የተከራከሩት በስቴታቸው በቴክሳስ ለሚኖሩት የሜክሲኮ ተወላጆች ነበር። ያን ጊዜ እኛ እዚህ እፍኝ የማንሞላ ስለነበርን በአራቱ ውስጥ አለመኖራችን አያስገርመኝም። የሚያስገርመኝ በ2006 ሕጉ በሴኔት 98 ለ0 ሲታደስ ትርጉሙ እንደነበረ መታለፉ ነው።

ስለ ወረቀቱም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎች ምርጫን የሰው ስም መምረጥ አድርገው ያስቡታል፤ በእኛ ስቴት ግን ሕዝቡ ሕግ ይጽፋል፣ ይሽራልም። በ2024 የአየር ብክለት ሕግን ለመሰረዝ የቀረበ ጥያቄ ነበረን። «አዎ» ያለ ሰው ሕጉ ይቅር ማለቱ ነው፤ ሕጉ እንዲኖር የሚፈልግ «አይ» ማለት ነበረበት። እኔ በሙያዬ ፍርድ ቤት የማስተረጕም ሰው ሁለት ጊዜ ካነበብሁት በኋላ ነው እርግጠኛ የሆንሁት። ጋሼ፣ በምድር ቤት የተማርነው እንግሊዝኛ ለዚህ አይበቃም።

የሚኒያፖሊሱ፦

በሐሳቡ ከሚደግፉት ጋር ነኝ፤ በጥያቄው አቀራረብ ግን ቅር ብሎኛል፤ ቅሬታዬንም ሳልሸፍን ልናገር። ርእሱ «አማርኛ ይስፈር?» ይላል። እኔ ያደግሁት ቤት ውስጥ ኦሮምኛ እየተናገርሁ ነው። አያቴ በሀገር ቤት ሳለች ቀበሌም፣ ፍርድ ቤትም፣ ሐኪም ቤትም ስትሄድ አስተርጓሚ ይዛ ትሄድ ነበር፤ ተወልዳ ባረጀችበት አገር ማለት ነው። እናንተ ዛሬ ለእናቶቻችሁ የሚሰማችሁን ስሜት እኛ በልጅነታችን እናውቀዋለን። ስለዚህ እዚህ አገር ደርሰን ስለ እኩልነት ስንከራከር ያንኑ አሠራር ተሸክመን እንድንመጣ አልፈልግም።

በእኛ ከተማ ሶማልኛና ኦሮምኛ ተናጋሪው ብዙ ነው፤ አማርኛና ትግርኛ ተናጋሪም አለ። አንዱ ብቻ ተመርጦ «የኢትዮጵያውያን ቋንቋ» ተብሎ ቢሰፍር የሚገለለው ሰው አጠገባችሁ የተቀመጠው ወንድማችሁ ነው። ሕጉ ይስፋ ከተባለ የቋንቋ ስም ሳይዘረዝር፣ የየትኛውም አህጉር ተወላጅ ቍጥሩ ከደረሰ ይገባል ብሎ መስፋት አለበት።

ለጋሼ ሥጋት ደግሞ ከእኛ ስቴት አንድ ምስክርነት አለኝ። በሚኒሶታ ሰው በምርጫው ቀን እዚያው ጣቢያው ላይ መመዝገብ ይችላል፤ የመኖሪያ ማስረጃ ባይኖረው በዚያው ቀጠና የተመዘገበ ጎረቤቱ «አውቀዋለሁ፣ እዚህ ነዋሪ ነው» ብሎ ቃለ መሐላ ይፈርምለታል፤ አንድ ሰው እስከ ስምንት ሰው ድረስ መመስከር ይችላል። በዚህ መንገድ አንዲት ጎረቤቴ ሦስት የሕንፃችንን እናቶች ይዛ ሄዳ ስታስመዘግብ አይቻለሁ። ሰልፍ ላይ ያለው ጊዜ የሚያጥረውም፣ ወገን የሚወጣውም እንዲህ ያለው ቀላል አሠራር ሲኖር ነው።

የአትላንታዋ፦

እኔ ከሁላችሁም ጋር በከፊል እስማማለሁ፤ ነገር ግን ወረቀቱ ጋር ሳይደርሱ የሚቀሩትን ረስታችኋቸዋል። የእኛ ስም ራሱ መሰናክል ነው። ሦስተኛውን ስም የአያት፣ ሁለተኛውን የአባት አድርገን የምንጽፍ ሕዝብ ነን፤ አንዱ መሥሪያ ቤት ሁለተኛውን መካከለኛ ስም ያደርገዋል፣ ሌላው «ወልደ»ንና «ገብረ»ን ከሚከተለው ቃል ለይቶ ይጽፈዋል፣ ሦስተኛው አንድ ላይ ይገጥመዋል። እኔ ቀድሞ በኖርሁበት ስቴት የአባቴ ስም በመንጃ ፈቃዴ ላይ አንድ ቃል፣ በዜግነት ወረቀቴ ላይ ሁለት ቃል ሆኖ በመገኘቱ ምዝገባዬ ለሰባት ሳምንት ታግዶ ነበር። ደብዳቤው የደረሰኝ ምርጫው ካለፈ በኋላ ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ዕጣ አለመሆኑን ያወቅሁት ጆርጂያ ከመጣሁ በኋላ ነው። በ2018 እዚህ ከ53,000 በላይ የምዝገባ ማመልከቻዎች በመዝገብ ካለው መረጃ ጋር በትክክል አልገጠሙም ተብለው መታገዳቸው ተዘግቦ ነበር፤ ከዐሥሩ ሰባት ያህሉ የጥቁሮች ነበሩ። መታወቂያ ይዞ የመጣ ሰው መምረጥ ይችል እንደነበር እውነት ነው፤ ግን «ታግዷል» የተባለ ሰው ስንቱ ነው ደፍሮ የሚሄደው? አሠራሩ በ2019 ላላ፤ በ2021 ደግሞ የፖስታ ድምፅን በማጥበቅ ሌላ ሕግ መጣ፤ ከጣቢያው በ150 ጫማ ክልል ውስጥ ለተሰለፈ መራጭ ውኃ ማደልን ሳይቀር የከለከለ ሕግ ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ ቀድሞ የፌዴራል መንግሥት ሳይመረምረው ሥራ ላይ መዋል አይችልም ነበር፤ ያን የቅድሚያ ምርመራ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 በሼልቢ ካውንቲ ጉዳይ ከጥቅም ውጪ አደረገው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። ምዝገባው በስም ምክንያት ለሚታገድበት ሰው የተተረጐመ ወረቀት አይደርሰውም። ኃይላችን ውስን ከሆነ መጀመሪያ ወደ ምዝገባው እናዙረው እላለሁ።

የዳላሱ፦

የሲያትሏ እህቴ ስለ ሚሲሲፒ ያነሣሽው ነገር ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል። እኔ ፈተናን የራሴን ትጋት መመዘኛ አድርጌ አየሁት፤ ለሌላው ሕዝብ ግን በር መዝጊያ እንደነበረ አልዘነጋም፤ ከሠራተኛ ጓደኞቼ አንዱ አባቱ ከመዝጋቢው ፊት ሦስት ጊዜ እንደተመለሱ አጫውቶኛል። አረጋውያንን በተመለከተ ሐሳቤን ለውጫለሁ። ለወጣቱ ግን አልለወጥሁም፤ ሠላሳ ዓመት ፊቱ ያለ ሰው ቋንቋውን ይማር። የገንዘቡ ጥያቄም አልተመለሰልኝም።

የዲሲው የሕግ ባለሙያ፦

ለክርክሩ የሚጠቅም፣ ምናልባትም ደጋፊዎችን የሚያሳዝን ነገር ልናገር። አንቀጽ 203 ነገ ተለውጦ የአፍሪካ ቋንቋዎችን ቢያስገባ እንኳ እኛ በቀላሉ አንገባም። ሕጉ የሚጠይቀው በአንድ አካባቢ ለምርጫ የደረሱ፣ ዜግነት ያላቸው፣ እንግሊዝኛ በደንብ የማይችሉ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ከ10,000 በላይ ወይም ለመምረጥ ከደረሱት ዜጎች ከ5 በመቶ በላይ እንዲሆኑ ነው፤ በዚያም ላይ ከእነርሱ አምስተኛ ክፍል ያልጨረሱት መጠን ከአገሪቱ አማካይ መብለጥ አለበት። ልጆቻችን እንግሊዝኛ ይችላሉ፤ ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ገና ግሪን ካርድ ላይ ናቸው። ይህን ሁሉ ቀንሰን በአንድ ካውንቲ 10,000 ሰው እናገኛለን ብዬ አልጠብቅም። ትርጉሙ መስፋት ያለበት ፍትሕ ስለሆነ ነው፤ ለፌርፋክሷ እናት ወረቀት ያመጣል ብሎ መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

በር የተከፈተው በአካባቢ መንግሥት በኩል ነው። በማያሚ ዴድ የሄይቲ ክሪዮል ወረቀት የመጣው በካውንቲው በራሱ ድንጋጌ ነው። ሲያትል ያለችበት ኪንግ ካውንቲ ሶማልኛን የጨመረው የፌዴራል ሕግ አስገድዶት አይደለም። እኔ በምኖርባት ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግላቸው ሰዎች 500 ወይም 3 በመቶ፣ ከሁለቱ አነስተኛው ቍጥር፣ የሚናገሩትን ቋንቋ በዋና ዋና ሰነዶቹ እንዲተረጕም ያዛል፤ አማርኛ በዚህ ሕግ ተጠቃሚ ከሆኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከ10,000 እና ከ500 የትኛው እንደሚቀርበን ለእናንተ እተወዋለሁ። በማርች 2025 እንግሊዝኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ያደረገው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ እነዚህን ሁሉ ሽሯል ብለው የሚያወሩ አሉ፤ ትእዛዝ ሕግን አይሽርም፤ የአካባቢ ድንጋጌዎችም በቦታቸው ናቸው።

አሁኑኑ በእጃችን ያለ ነገርም አለ። በ1982 የገባው አንቀጽ 208፣ ማየት የተሳነው፣ አካል ጉዳተኛ የሆነ ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል መራጭ ራሱ በመረጠው ሰው እንዲረዳ ይፈቅዳል፤ የማይፈቀዱት አሠሪው፣ የአሠሪው ወኪልና የሠራተኛ ማኅበሩ ሹም ወይም ወኪል ብቻ ናቸው። በቴክሳስ አንዲት ከህንድ የመጡ እናት ልጃቸው በሌላ ካውንቲ ስለተመዘገበ ሊያስተረጕምላቸው አይችልም ተብለው ነበር፤ በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የስቴቱ ገደብ ከዚህ አንቀጽ ጋር ይጋጫል ሲል ፈረደ።

የፌርፋክሱ፦

አንቀጽ 208ን አላውቅም ነበር። እናቴ ስትመርጥ በር ላይ ቆሜ ነው የጠበቅኋት። አብሬያት መግባት የሚከለከል መስሎኝ ነበር፤ የከለከለኝም አልነበረም፣ አልጠየቅሁም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ ነርስ፦

ልጅ አብሮ መግባቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን መፍትሔው በዚህ አለቀ እንዳይባል እፈራለሁ። በአረጋውያን መኖሪያ ሕንፃዎች እየዞርሁ እናቶቻችንን እከታተላለሁ፤ በምርጫ ሰሞን «መረጡ ወይ?» ብዬ ስጠይቅ የምሰማው መልስ «ልጄ ሞላልኝ»፣ «ባለቤቴ ያውቃል» የሚል ነው። የፖስታው ድምፅ መስጫ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ ልጅ እየሞላ፣ እናት ቡና እየቀዱ ሲፈርሙ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ግን የተሰጠው ድምፅ የማን ነው?

በሀገራችን ስለነበሩት ምርጫዎች ነፃነት ብዙ መባል ይቻላል፤ ቢሆንም ፊደል ያልቈጠረች እናት እንኳ ወረቀቱ ላይ የንብ ሥዕል ወይም ሌላ ምልክት አይታ፣ መጋረጃው ውስጥ ብቻዋን ገብታ፣ ባሏም ልጇም ሳያይ ምልክት አድርጋ ትወጣ ነበር። የማታነበውን ወረቀት የምትይዝ እናት ያን ያህል ምስጢር እንኳ የላትም። ለእኔ የትርጕሙ ትልቁ ፋይዳ ይህ ነው፤ በተለይ ለሴቶቻችን።

የፌርፋክሱ፦

ጥያቄዬን በሁለት አሻሽየዋለሁ። የኮንግረሱን ሕግ መጠየቅ አንተውም፤ ግን የሚኒያፖሊሱ ወንድሜ እንዳለው የቋንቋ ስም ሳንዘረዝር። ለካውንቲያችን የምናቀርበው ደግሞ ትንሽና የሚቻል ነገር ይሆናል፦ ከምርጫው አንድ ወር በፊት የወረቀቱ ናሙና በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማልኛ ታትሞ ይውጣ፤ እናቶቻችን ቤታቸው አንብበውት፣ ማንበብ የማይችሉትም ተነቦላቸው ይሂዱ። ስምን በትክክል ስለማስመዝገብ የሚያስረዳ አንድ ገጽም አብሮ ይውጣ። ናሙና ለማተም ካውንቲው አዲስ ሕግ አያስፈልገውም፤ ጋሼ የጠየቁት ወጪም ይቀንሳል።

የዳላሱ፦

በዚህስ እስማማለሁ። ረቂቁን ከመላካችሁ በፊት ለእኔ ላኩልኝ፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ያልደረስሁ ሰው ነኝ፤ እኔን ያልገባኝ ቃል ለእናትህም አይገባትም።

የሚኒያፖሊሱ፦

የኦሮምኛውን እኔ አያለሁ።

የሲያትሏ አስተርጓሚ፦

ለሙከራ እንዲሆን የ2024ቱን የቨርጂኒያ ጥያቄ ትናንት ማታ ተርጕሜ ለወንድማችን ልኬለት ነበር። «በግዳጅ ላይ ሳለ ሕይወቱ ያለፈ የጦር ኃይል አባል በሕይወት የሚገኝ የትዳር ጓደኛ» ብዬ ነበር የጻፍሁት።

የፌርፋክሱ፦

አነበብሁላት። «በሕይወት የሚገኝ የትዳር ጓደኛ ማለት ማን ነው?» አለችኝ። ሳስረዳት «ታዲያ የሟቹ ባለቤት ለምን አትሉም?» አለች።

የሲያትሏ አስተርጓሚ፦

ባለቤት ለወንድም ለሴትም ይሆናል። እንዳሉት አስተካክየዋለሁ።